የወታደር ልጅ ኮሌጅ ሲያመለክት፦ በአሜሪካ ጦር ለሚያገለግሉ የሐበሻ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ትልቋ ልጄ 9ኛ ክፍልን ጀርመን ቪልዜክ በሚገኘው የጦሩ ትምህርት ቤት ተማረች፤ 10ኛና 11ኛን ቴክሳስ ኤል ፓሶ፣ 12ኛን ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያ። አባቷ በአሜሪካ ጦር ሳጅን ነው። የኮሌጅ ማመልከቻዋን የሞላነው እሱ ኩዌት በነበረበት ዓመት፣ እኔ ከሥራ ስመለስ፣ ማታ ማታ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብዙውን ነገር ያወቅነው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በዲቪ መጥተው፣ ወይም አማርኛ በመቻላቸው ማቭኒ በተባለው የውጭ ዜጎች ምልመላ ፕሮግራም በኩል ወደ ጦሩ የገቡ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸው አሁን ኮሌጅ እየደረሱላቸው ነው፤ ደውለው የሚጠይቁኝም እኔ በጊዜው ያልጠየቅኩትን ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። የወታደር ልጅን የኮሌጅ ወጪ በተመለከተ ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ማመልከቻ ከመሞላቱ ከዓመታት በፊት ነው፤ የሚወስነውም ልጁ ሳይሆን ዩኒፎርም የለበሰው ወላጅ ነው። ልጃችሁ ገና አንደኛ ክፍል ቢሆንም የመጀመሪያውን ክፍል ዛሬ አንብቡት።

1. ጂአይ ቢሉን ዩኒፎርሙ ሳይወልቅ አስተላልፉ

ፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል ለወታደሩ እስከ 36 ወር የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል። የኮሌጅ አንድ ዓመት 9 ወር ገደማ ስለሆነ፣ 36 ወር ማለት ሙሉ የ4 ዓመት ዲግሪ ማለት ነው። ወታደሩ ለራሱ ካልተማረበት ለባለቤቱ ወይም ለልጆቹ ማስተላለፍ ይችላል። ለዚህ ቢያንስ 6 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት፤ ተጨማሪ 4 ዓመት ለማገልገልም ይፈርማል። ዋናው ነገር ግን ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው በአገልግሎት ላይ እያለ ብቻ መሆኑ ነው። ከወጣ በኋላ፣ 20 ዓመት ሙሉ አገልግሎ በክብር ጡረታ ቢወጣም እንኳ፣ አይቻልም።

አንድ የምናውቀው ወንድማችን ጡረታ በወጣ በሁለተኛ ወሩ ደወለልን። ሦስት ልጆች አሉት። «ሲደርሱ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር» አለን። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ለዚህ ሰው ልንነግረው የምንችለው ምንም መፍትሔ አልነበረንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወታደሩ ሚልኮኔክት በሚባለው ድረ ገጽ ይገባል፤ የትምህርት ጥቅም ማስተላለፊያውን ገጽ ይከፍታል፤ በየልጁ ስም ትይዩ የወር ቁጥር ይጽፋል፤ ይልካል። ከዚያ ተጨማሪውን የአገልግሎት ዘመን በጦር ክፍሉ ውስጥ ውል የሚያድሰው ካሪየር ካውንስለር ዘንድ ሄዶ ይፈርማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መላክ ማለት መጽደቅ አይደለም። ገጹ ላይ መጽደቁ እስኪታይ ተከታተሉ፤ የማጽደቂያውን ደብዳቤ አትማችሁ አስቀምጡ። የፈረመውን 4 ዓመት ሳይጨርስ በራሱ ፈቃድ ቢወጣ፣ ልጁ የተጠቀመበት ገንዘብ እንደ ዕዳ ሊጠየቅ እንደሚችልም እወቁ።

ከአንድ በላይ ልጅ ካላችሁ ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ 1 ወር ጻፉ። ወሩን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ማሸጋሸግ ከጦሩ ከወጡ በኋላም ይቻላል፤ በአገልግሎት ዘመኑ ምንም ያልተጻፈለትን ልጅ ግን በኋላ መጨመር አይቻልም። እኛ 34 ለትልቋ፣ 1 ለሁለተኛው፣ 1 ለትንሿ ብለን ጻፍን፤ አሁን እንደ ሁኔታው እናሸጋሽጋለን። ዲርስ በሚባለው የወታደር ቤተሰቦች መዝገብ ላይ ያልተመዘገበ ልጅ ስሙ ገጹ ላይ አይመጣም። ከአገር ቤት ዘግይቶ የመጣ ልጅ ወይም የእንጀራ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ቤዙ ውስጥ አይዲ ካርድ የሚሰጥበት ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

ልጁ መጠቀም የሚጀምረው ወላጁ 10 ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ ልጁ ራሱ ደግሞ ሃይስኩል ሲጨርስ ወይም 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ 26 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ወላጁ ድጋፉን በሙሉ (100 በመቶ) የሚያገኝ ከሆነ ድጋፉ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኢን ስቴት ክፍያውን (የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን) በሙሉ ይሸፍናል። በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ለመጻሕፍት ይሰጣል። በየወሩም የቤት ኪራይ አበል አለው፤ የሚሰላው ባለቤተሰብ የሆነ የኢ-5 ማዕረግ ወታደር በኮሌጁ አካባቢ በሚያገኘው ልክ ነው። ወላጁ ገና በሥራ ላይ ቢሆንም ልጁ አበሉን ያገኛል፤ ከእናንተ ቤት እየተመላለሰ ቢማርም ያገኛል። የግል ኮሌጅ ከሆነ በየዓመቱ የሚወሰን ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ኮሌጁና ቪኤ (የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ተካፍለው የሚሸፍኑበት የሎ ሪበን የሚባል ፕሮግራም ስላለ፣ ኮሌጁ በዚያ ውስጥ መኖሩን፣ ስንት ተማሪ እንደሚቀበልና ስንት ዶላር እንደሚጨምር ጠይቁ።

የራሴን አስተያየት ልጨምር። ልጃችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምር ከሆነና ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ክፍያውን የሚሸፍንለት ከሆነ፣ የጂአይ ቢል ወሮችን እዚያ አታባክኑ። ወሩ የሚቆጠረው ትምህርቱ ርካሽም ይሁን ውድ እኩል ነው። ለዩኒቨርሲቲው አቆዩት።

2. ስምና ወረቀት

ይህ ክፍል የሐበሻ ቤተሰብን በተለይ ይመለከታል። የልጃችን የመጨረሻ ስም የአባቷ ስም ነው፤ የአባቷ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያቷ። እኔም በአባቴ ስም ነው የምጠራው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን «እርግጠኛ ነሽ እናቷ ነሽ?» ይላል። መፍትሔው የሁለታችሁም ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ ሁልጊዜ ይዞ መገኘት ነው።

ከዚህ የከፋው የፊደል አጻጻፍ ነው። ገብረማርያም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሆኖም ይጻፋል፣ ተለያይቶም ይጻፋል። የልጁ ስም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ ዲርስ፣ ፓስፖርቱና ትምህርት ቤቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ስምንና የትውልድ ቀንን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ ይቆማል። የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተሳሳተ ካለም አሁን አስተካክሉት። 12ኛ ክፍል ጥቅምት ላይ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ዜግነትም እንዲሁ። ወላጅ በውትድርና ምክንያት ዜጋ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና ግሪን ካርድ ይዞ አብሮት እዚህ የሚኖር ልጁ ያለ ሌላ ማመልከቻ በሕግ ዜጋ ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ግን ይህን በራሱ አያውቅም፤ መዝገቡ ላይ ልጁ አሁንም የውጭ ዜጋ ነው። ፓስፖርት አውጡለት፤ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ መዝገቡን አስቀይሩ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅም የፌዴራል እርዳታ ያገኛል፤ ችግር የሚያመጣው የመዝገቡ አለመመሳሰል ነው።

ልጃችሁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍልን አገር ቤት ከተማረ፣ ማኅተም ያለበትን ትራንስክሪፕት ዘመድ ልካችሁ አሁኑኑ አስወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስልክ ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

3. ከመዛወራችሁ በፊት ባለው ሳምንት

ኦርደር (የመዛወሪያ ትእዛዝ) ሲመጣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ዕቃ ነው። የሃይስኩል ልጅ ካላችሁ ግን ከሣጥን በፊት ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ይፋዊ ያልሆነ የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ የክትባት ካርድ፣ የፈተና ውጤቶችና የየትምህርቱን ዝርዝር መግለጫ በእጃችሁ ያዙ። በአውሮፕላን ከእናንተ ጋር ይሂድ እንጂ ከዕቃው ጋር አይጫን።

ሁለተኛው ነገር የአስተማሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ለተዛወረ ልጅ አዲሶቹ አስተማሪዎች መስከረም ላይ ያውቁታል፣ ጥቅምት ላይ ደብዳቤ ይጠየቃሉ። የሚያውቁት የ11ኛ ክፍል አስተማሪዎቹ ናቸው። ልጁ ራሱ ሄዶ ሁለቱን ይጠይቃቸው፤ ደብዳቤውን ትዝታው ትኩስ እያለ እንዲጽፉትና እንዲያስቀምጡት ይለምናቸው፤ የሚሠራ የኢሜይል አድራሻቸውን ይያዝ። የቀድሞውን የትምህርት ቤት ካውንስለር አድራሻም አትርሱ።

ስለ መብታችሁ ደግሞ፦ የወታደር ልጆችን የትምህርት ዝውውር የሚመለከት በስቴቶች መካከል የተደረገ ስምምነት አለ፤ 50ዎቹም ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ፈርመውታል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ የንቁ አገልግሎት ወታደሮች ልጆች ይሠራል። አዲሱ ትምህርት ቤት በእጅ የመጣውን ትራንስክሪፕት ተቀብሎ ልጁን ወዲያው መመዝገብ አለበት፤ የጎደለ ክትባት ካለ 30 ቀን ይሰጣል። ልጁ ተመሳሳይ ትምህርት ሌላ ቦታ ወስዶ ካለፈ፣ ለመመረቅ የሚጠየቀውን ኮርስ ሊተውለት ይገባል። 12ኛ ክፍል ላይ የተዛወረ ልጅ የአዲሱን ስቴት መስፈርት ማሟላት ካልቻለ፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተነጋግረው ከቀድሞው ዲፕሎማውን እንዲያገኝ ያደርጋሉ።

ልጄ የአሜሪካ ታሪክን ቴክሳስ በጥሩ ውጤት ጨርሳ መጥታ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት እንደገና እንድትወስድ አዘዟት። ያ ማለት ካልኩለስ የምትወስድበት ሰዓት ይሄዳል ማለት ነበር። ቤዙ ላይ ያለችውን የትምህርት ቤት ጉዳይ አገናኝ አነጋገርኩ፤ ስኩል ሊያዞን ይሏታል፤ አገልግሎቷ ነፃ ነው። የስምምነቱን አንቀጽ ጠቅሳ አንድ ኢሜይል ጻፈች፤ በአራተኛው ቀን ኮርሱ ተነሣላት። እኔ ብቻዬን ብከራከር ኖሮ ሴሚስተሩ ያልቅ ነበር። ከየትኛውም ቤዝ ብትሆኑ ይህችን ሰው ገና እንደደረሳችሁ ፈልጓት።

4. የትኛው ስቴት ነው «የእኛ» ስቴት?

የኢን ስቴት ተማሪና ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ የሚከፍሉት ክፍያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በእጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ30 ቀን በላይ በንቁ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ልጅ፣ ወላጁ በቋሚነት በተመደበበት ስቴት ወይም ሕጋዊ መኖሪያው በሆነው ስቴት፣ በመንግሥት ኮሌጅ የኢን ስቴት ክፍያ እንዲከፍል ያዛል። ልጁ ከጀመረ በኋላ ወላጁ ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወርም፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ እስከቀጠለ ድረስ ክፍያው አይለወጥበትም። በጂአይ ቢል የሚማር ልጅም በሌላ ሕግ ተመሳሳይ ጥበቃ አለው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ወታደሩ ወደ ጦሩ ሲገባ የተመዘገበበትን ስቴትና ሕጋዊ መኖሪያውን ያምታታሉ። የደመወዝ መግለጫው ላይ ለስቴት ታክስ የተጻፈው ሕጋዊ መኖሪያው ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ ሁለት ስቴት ጻፉ፦ አሁን የተመደባችሁበትና ሕጋዊ መኖሪያችሁ። የኮሌጅ ዝርዝሩን ከሁለቱ ጀምሩ። ልጁ ተቀባይነት አግኝቶ ትምህርት ሳይጀምር ኦርደር ከመጣ፣ ለኮሌጁ የነዋሪነት ጉዳይ ቢሮ በኢሜይል ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

5. ኮመን አፕና ድርሰቱ

ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ የኮሌጅ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል፤ በአንድ ቅጽ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል። ልጁ የተማረባቸውን ሃይስኩሎች በሙሉ ያስገባ፤ ለምን እንደተዛወረ ሲጠየቅ «ወላጄ በወታደራዊ ትእዛዝ ተዛወረ» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የተጨማሪ መረጃ ሣጥኑ ደግሞ ለወታደር ልጅ ትልቅ ጥቅም አለው። ለምሳሌ «በ10ኛ ክፍል የጀመርኩት ፈረንሳይኛ አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለማይሰጥ ወደ ስፓኒሽ ተዛወርኩ» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ይህ ካልተጻፈ አንባቢው ልጁ ቋንቋውን እንዲሁ የተወው ይመስለዋል። የአስኳላ ውጤት አሰጣጥም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ካውንስለሩ የየትምህርት ቤቱን የውጤት አሰጣጥ ማብራሪያ እንዲያያይዝ ጠይቁት።

ድርሰቱ እስከ 650 ቃል ነው። የልጄ የመጀመሪያው ረቂቅ «ብዙ ቦታ መኖሬ ጠንካራ አድርጎኛል» የሚል ነበር። አነበብኩት፤ ውሸት አልነበረም፤ ግን የእሷን ድምፅ አልሰማሁበትም። የማንኛውም የወታደር ልጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ማታ ከኤል ፓሶ የመጣውን የመጨረሻ ሣጥን ስንፈታ፣ ዕቃ ጫኞቹ የጻፉትን ዝርዝር አነሣች። ጀበናውን «የአበባ ማስቀመጫ» ብለው መዝግበውታል። ከጀርመን ስንመጣም እንደዚያው ነበር የጻፉት። ማታውን ቁጭ ብላ በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈታው ያ ሣጥን እንደሆነ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ባዶው ቤት ቤት እንደሚሆን፣ አባቷ በሌለበት ዓመት እሷ ቡና ማፍላት እንደጀመረች ጻፈች። ስለ ጥንካሬ አንድ ቃል የለውም። እኔ አንብቤው አለቀስኩ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አንድም ነገር አልቆረጠችበትም።

ስለዚህ ለልጃችሁ የምትነግሩት ይኼ ይሁን፦ ስለ ዝውውር ሁሉም የወታደር ልጅ ይጽፋል፤ አንተ ግን ዓይንህ ያየውን አንድ ዕቃ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቀን ያዝ። ወላጆች ድርሰቱን ራሳችሁ አትጻፉላቸው። ጠይቋቸው፤ የረሷቸውን ነገሮች አስታውሷቸው።

6. ፋፍሳ፣ በተለይ ወላጅ ዲፕሎይ ካደረገ (ለግዳጅ ከሄደ)

ፋፍሳ ዘወትር ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል። ተማሪውም ወላጁም የየራሳቸውን አካውንት ይከፍታሉ። ይህን አካውንት ሌላ ሰው ሊከፍትላችሁ አይችልም፤ የውክልና ሥልጣን ወረቀትም እዚህ አይሠራም። እኛ የወላጅ ቦታ ላይ አባቷን ጻፍን። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ አሜሪካ ስልኩ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ኩዌት ሲሄድ መስመሩን አሳግዶት ነበር። የሰዓት ልዩነቱ ተጨምሮ ሦስት ሳምንት አጣን። በኋላ የተረዳነው ነገር አሳዘነኝ፦ ባልና ሚስት ታክስ በጋራ የሚሞሉ ከሆነ ከሁለቱ የአንዱ መግባት ይበቃል። እኔ ብቻዬን በአንድ ማታ ልጨርሰው እችል ነበር። ለየብቻ የምትሞሉ ከሆነ ግን ሁለታችሁም ያስፈልጋችኋል፤ ስለዚህ የሚሄደው ሰው ከመሄዱ በፊት አካውንቱን ይክፈት፤ ስልኩ ባይሠራም በኢሜይል መግባት እንዲችል ያስተካክል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል።

«እኛ ደመወዛችን ብዙ ነው፣ ምንም አናገኝም» ብላችሁ አትተዉት። ታክስ የማይከፈልበት የቤት አበልና የምግብ አበል ፋፍሳ ላይ እንደ ገቢ አይቆጠርም። በጦርነት ቀጠና የተገኘና ከታክስ ነፃ የሆነ ደመወዝም ታክስ ፎርማችሁ ላይ ካለው ገቢ ውጭ ነው። የሚታየው መሠረታዊ ደመወዙ ነው፤ ልጆች ያሉት ኢ-5 ወይም ኢ-6 በዚህ ስሌት ፔል ግራንት ሊደርሰው ይችላል። የጂአይ ቢል ገንዘብንም ገቢ አድርጋችሁ አትጻፉ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ተጨማሪ የእርዳታ ፎርም የሚጠይቁ የግል ኮሌጆች ግን ስለ አበሉ ይጠይቃሉ፤ እዚያ በትክክል ጻፉ።

7. ስኮላርሺፕና ሌሎች በሮች

በኮሚሰሪዎች (ቤዝ ውስጥ ባሉት የምግብ ሸቀጥ መደብሮች) በኩል የሚሰጠው የወታደር ልጆች ስኮላርሺፕ 2,000 ዶላር ነው፤ የፊሸር ሀውስ ፋውንዴሽን ያስተባብረዋል፤ ከ2001 ጀምሮ አለ። ተወዳዳሪዎቹ ከየኮሚሰሪው ስለሚመረጡ ትንሽ ቤዝ ላይ ላለ ልጅ ዕድሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። የጦሩ ልጆች አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ ጋ፣ የማሪን ልጆች ማሪን ኮር ስኮላርሺፕ ፋውንዴሽን ጋ ያመልክቱ። ስኮላርሺፕ ስታገኙ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ገንዘቡ ለትምህርት ክፍያ ብቻ ነው ወይስ ለምንም? ለክፍያ ብቻ የተባለ ከሆነ ጂአይ ቢሉ ያንኑ ያህል ቀንሶ ይከፍላል፤ ልጁም ምንም አይተርፈውም። ለመኝታና ለመጻሕፍት ጭምር እንዲሆን ይጻፍልን ብላችሁ ለምኑ።

ወላጁ በአገልግሎት ላይ የሞተበት ልጅ ፍራይ ስኮላርሺፕ አለው። ወላጁ ቋሚና ሙሉ የአካል ጉዳት የተወሰነለት ልጅ ደግሞ ቻፕተር 35 በሚባለው ይማራል። ስቴቶችም የየራሳቸው አላቸው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ላለበት አርበኛ ልጅ የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያን የሚያስቀር ፕሮግራም አለ፤ ቴክሳስ ሃዝልዉድ የሚባለው እስከ 150 ክሬዲት ሰዓት ድረስ ያስምራል።

ልጁ ራሱ መኮንን መሆን ከፈለገ፣ ወላጁ በተከታታይ 8 ዓመት በንቁ አገልግሎት የቆየ ልጅ ለዌስት ፖይንትና ለመሰሎቹ በፕሬዚዳንቱ ስም በሚሰጠው እጩነት ማመልከት ይችላል። ዜግነት ይጠየቃል። ጥያቄው የልጁ ፍላጎት እንጂ የአባቱ ኩራት እንዳይሆን ግን ቤታችሁ ውስጥ በደንብ ተነጋገሩበት።

8. ተቀባይነት ካገኘ በኋላ

ወላጁ ያስተላለፈው ጂአይ ቢል በራሱ ወደ ኮሌጁ አይሄድም። ልጁ 22-1990ኢ የሚባለውን ፎርም ለቪኤ ይሞላል፤ የብቁነት ደብዳቤ ይመጣለታል፤ ያን ደብዳቤ ኮሌጁ ውስጥ የቪኤ ተማሪዎችን ለሚመዘግበው ሠራተኛ ይሰጣል። ይህን ግንቦት ላይ ጀምሩት፤ ነሐሴ ላይ ወረፋው ይረዝማል። በየሴሚስተሩ ኮርስ ሲመዘግብ ለዚያው ሠራተኛ ያሳውቅ፤ ኮርስ ከመጣሉ በፊትም ያማክረው፤ ምክንያቱም የተጣለ ኮርስ ዕዳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

የቤት አበል የሚያገኝ ተማሪ በየወሩ መጨረሻ አሁንም እየተማረ መሆኑን ለቪኤ ማረጋገጥ አለበት። በስልክ መልእክት «አዎ» ብሎ መመለስ ነው፤ ሁለት ወር በተከታታይ ካለፈ ክፍያው ይቆማል። ፎርሙ ላይ የምትጽፉት ስልክ ቁጥር የልጁ የራሱ፣ እናንተ ስትዛወሩ የማይቀየር ይሁን። ልጄ ማደሪያዋ ስትገባ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት «30፣ ቪኤ፣ አዎ» ይላል።